የቢ.ቢ. ኪንግን ምስል ከወዳደቀ ብረት መሥራት፦ ከቆራሌ ክምር እስከ መቆሚያው

ብሉዝ የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ይጫወት የነበረውን ጊታረኛ ቢ.ቢ. ኪንግን በብረት ለመሥራት የሚነሣ ሰው ቀኑን ሁሉ የሚጨነቀው ስለ አፍንጫና ስለ ከንፈር ነው። አላፊ አግዳሚ ከአሥር ሜትር ርቀት አይቶ የሚለየው ግን በሦስት ነገር ነው፦ ወደ ኋላ ባዘነበለ ጭንቅላት ላይ ጥብቅ ብለው በተጨፈኑ ዓይኖች፣ አውራ ጣቱ ከጊታሩ አንገት በተላቀቀ ግራ እጅና ቀዳዳ በሌለው ጥቁር ጊታር። ሦስቱ ከተስተካከሉ አፍንጫው ትንሽ ቢዛነፍም ምስሉ እሱን ይመስላል። ካልተስተካከሉ ግን ጥርሱና ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ቢሠራ ጊታር የያዘ ወፍራም ሰውዬ ከመሆን አያልፍም።

ይህ መመሪያ በድሬዳዋ (በአጭሩ ድሬ) ወይም በሐረር ከወገብ በላይ፣ በሰው ልክ፣ ሙሉ ጊታር የያዘ ምስል ለሚሠራ ነው። ቁመቱ ከመቀመጫው ላሜራ እስከ አናቱ 85 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 50 ኪሎ ያህል ይሆናል። በኤሌክትሮድ መበየድና በግራይንደር መቁረጥ የለመደ ሰው ከአንድ ረዳት ጋር ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ገና ብየዳ እየተማረ ያለ ግን መጀመሪያ ጊታሩን ብቻ ይሥራ፤ ጊታር ልኩ በቁጥር የታወቀ ስለሆነ ስህተቱ ቶሎ ይታያል።

ስለ ሰውየው ማወቅ የሚገባ

ሙሉ ስሙ ራይሊ ቢ. ኪንግ ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 6 ቀን 1918 ዓ.ም. በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ተወልዶ፣ ግንቦት 6 ቀን 2007 ዓ.ም. በ89 ዓመቱ ላስ ቬጋስ ውስጥ ዐረፈ። ጊታሮቹን ሁሉ ሉሲል እያለ ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ክረምት አርካንሳስ ግዛት ትዊስት በምትባል መንደር ሲጫወት፣ አዳራሹን ለማሞቅ ነጭ ጋዝ የሚነድበትን በርሜል ሁለት ተደባዳቢዎች ደፍተውት ቤቱ ተቃጠለ። እሱ ከወጣ በኋላ ጊታሩን ለማዳን ተመልሶ ገባ። ጠቡ ሉሲል በምትባል ሴት ምክንያት እንደነበር በማግስቱ ሰማ። ፊቱን ከበርሜል ላሜራ የምንሠራው ግን ለታሪኩ ብለን አይደለም፤ ውፍረቱ ስለሚመች ነው።

ለምን ብሉዝ፣ ለምን ድሬ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የብሉዝ አቀናባሪው ደብሊዩ. ሲ. ሃንዲ እ.ኤ.አ. በ1903 አካባቢ ሚሲሲፒ ውስጥ ተትዋይለር በሚባል ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ ቢላዋ በክር ላይ እያንሸራተተ የሚጫወት ጊታረኛ ሰማ፤ የብሉዝን ታሪክ የሚጽፉ ሁሉ ይህን ያነሣሉ። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነው። የባቡር ከተማ ለብሉዝ ባዳ አይደለም።

ብረቱን መልቀም

ከምትፈልጉት በላይ ግዙ። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሥራ 80 ኪሎ ያህል ክምር ካልያዛችሁ ምርጫ አይኖራችሁም፤ የቀረውን ቆራሌው በኪሎ መልሶ ይገዛችኋል። ድሬዳዋ ላይ ትልቁ ምንጭ የባጃጅ፣ የሞተርና የአይሱዙ ጋራዥ ነው። ሐረር ላይ ደግሞ የፔጆ 404 ፓራፋንጎና ኮፈን እስካሁን ይገኛል፤ ሸዋ በር አካባቢ ቆርቆሮና በርሜል የሚቀጠቅጡትን ጠይቁ። ሁልጊዜ ማግኔት በኪሳችሁ ያዙ። ማግኔት የማይስበው አሉሚኒየም፣ ነሐስ ወይም አንዳንድ የማይዝግ ብረት ነው፤ አሉሚኒየምና ነሐስ በተራ ኤሌክትሮድ ከብረት ጋር አይበየዱም፣ ካስፈለጉ በቡሎን ይታሰራሉ።

ለአጽሙ ባለ 12 ፌሮ (ባለ 12፣ ባለ 6 ሲባል ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ነው) 6 ሜትር፣ ባለ 6 ቶንዲኖ (ክብ ቀጭን ብረት) 10 ሜትር፣ ባለ 40 በ40 አራት ማዕዘን ቱቦ 2 ሜትር፣ ለመቀመጫ 45 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ የ10 ሚሊ ሜትር ላሜራ ያስፈልጋል። ለፊትና ለአንገት የአንድ በርሜል ግማሽ። ለትከሻ ሁለት ፓራፋንጎ፣ ወይም አራት ያረጁ የአካፋ ምላሶች። ለፀጉር ባለ 10 ዳዶ ከ180 እስከ 200። ለጣቶች ባለ 14 ቡሎን ስምንት ከነዳዶዎቹ፣ ለአፍንጫ ክብ ራስ ያላቸው ሁለት ባለ 12 ቡሎኖች፣ ለዓይን ቆብ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ለቅንድብ የሞተር ፍሪሲዮን የብረት ሸክላ፣ ለቢራቢሮ ክራቫት አንድ የበር ማጠፊያ። ለጊታሩ 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ አንድ ሜትር በግማሽ ሜትር፣ 50 በ6 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት 70 ሳንቲ ሜትር፣ ስድስት ክንፍ ያላቸው ዳዶዎች።

አንዳንድ ብረት ደግሞ ሲያዩት ያምራል፣ ሲበየድ ግን ጉድ ያፈላል። ኩሽኔታና ባሌስትራ ካርቦናቸው ብዙ ስለሆነ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ከጎኑ ይሰነጠቃል፤ ዛሬ የያዘ መስሎ ነገ በመዶሻ ቢነኩት ይወልቃል። የግድ ከፈለጋችሁ ቀድሞ ማሞቅ፣ በደረቅ 7018 ኤሌክትሮድ መበየድና በደረቅ አሸዋ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ነው። የፒስቶን ፋሻ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፣ ለቅንድብ ቅርጹ ቢመችም እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ ስለዚህ ነው የፍሪሲዮን ሸክላ የመረጥነው።

ጨርሶ የማይነካም አለ። አሞርዛተር ውስጡ ዘይትና የታመቀ ጋዝ አለው፣ ሲሞቅ ይፈነዳል። የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አይሞረድም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጦርነት የተካሄደበት አካባቢ ስለሆነ ከገጠር በሚመጣ ክምር ውስጥ የከባድ መሣሪያ ቀለህ ወይም ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ያልታወቀ ድፍን ነገር ሳትነኩ ለፖሊስ አሳውቁ። ሐዲድ፣ የሐዲድ ቡሎን፣ የመብራት ምሰሶ ብረትና የኤሌክትሪክ ገመድ ደግሞ ደረሰኝ ከሌለው ርካሽ ቢሆንም ይቅር፤ የሕዝብ ንብረት የተበየደበት ሐውልት አደባባይ ላይ ቆሞ ራሱ ይመሰክርባችኋል።

በርሜሉ የምግብ ዘይት የነበረበት ይሁን። ባዶ የሚመስል የነዳጅ ወይም የቲነር በርሜል ውስጡ የቀረው ትነት በግራይንደር ብልጭታ ይፈነዳል፣ በያጅ የገደለም ነው። ምንም ዓይነት ቢሆን ሁለቱንም ክዳን ክፈቱ፣ በሳሙና እጠቡ፣ የመጀመሪያውን ቁርጥ ውሃ እስከ አፉ ሞልታችሁ በእጅ መቁረጫ ቁረጡ።

ማሽን፣ መብራትና ጤና

160 ወይም 200 አምፔር ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን ይበቃል። ለወፍራሙ ብረት 2.5 ሚሊ ሜትር 6013 ኤሌክትሮድ በ70–85 አምፔር፣ ለበርሜል ላሜራ 2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በ40–55 አምፔር። በጠቅላላው 4 ኪሎ ያህል ኤሌክትሮድ ይሄዳል። ማሽኑ እየተንተፋተፈ ኤሌክትሮዱ ከተጣበቀ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ማሽኑ አይደለም፤ ከቆጣሪው እስከ ግቢው የተዘረጋው ቀጭን ገመድ ነው። ለ30 ሜትር ባለ 4 ካሬ ገመድ ተጠቀሙ። ጥቅልል ላይ የተጠቀለለ ገመድ ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፣ ካልሆነ ይግላል።

ድሬ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለብየዳ ያዙት። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ላይ የዋለ ላሜራ ጓንት ካልለበሱ አይያዝም። ግራይንደሩንም ከሰዓት በኋላ ባታስነሡት ይመረጣል፤ በርጫ ላይ ያለ ጎረቤት ያን ድምፅ ይቅር አይልም።

ነጭ ጋልቫናይዝድ ነገር፣ ማለትም ቆርቆሮ፣ የውሃ ቧንቧ፣ ነጭ ዳዶ፣ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ የዚንክ ነው። ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይላል፣ ያተኩሳል፣ ያንቀጠቅጣል። ድሬ ላይ ይህ ሲመጣ ሁሉም ወባ ነው ብሎ ክኒን ፍለጋ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፤ ክሊኒክ ከሄዳችሁ ግን ምን ስትበይዱ እንደዋላችሁ ንገሯቸው። ቀድሞ ወተት መጠጣት አይከላከልም። የሚከላከለው ዚንኩን ማስወገድ ነው፦ ዳዶዎቹን ሌሊቱን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ዕቃው ክፍት ሆኖ ደጅ ይደር፣ ጠዋት ታጥቦ ይድረቅ። በተለምዶ ኒኬል የተቀባ የሚባለው ብረት፣ ለምሳሌ የፔጆ ፓራውልት፣ ሽፋኑ ክሮም ስለሆነ ጢሱ ከዚንክም የከፋ ነው፤ በቡሎን ብቻ እሰሩት። የብየዳ ማስኩ መስታወት 10 ወይም 11 ቁጥር ይሁን፣ ግቢው የሰፈር ልጆች የሚሰበሰቡበት ከሆነም በሸራ ጋርዱ። ልጆቹ ማታ ዓይናችን አሸዋ ገባበት ብለው የሚያለቅሱት ብርሃኑን አይተው ነው።

ፎቶና መለኪያ

ሁለት ፎቶ ያስፈልጋል፦ አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን፤ ሁለቱም በተቻለ መጠን በአንድ ዘመን የተነሡ። ከቅርብ የተነሣ ፎቶ አፍንጫን ያሳብጣል፣ ጆሮን ያሳንሳል፤ መድረክ ላይ ከሩቅ የተነሣ ይሻላል። ባነር ማተሚያ ቤት ወስዳችሁ ከአገጭ እስከ አናት 24 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አሳትሙት። ከዚህ በኋላ መለኪያው ወረቀቱ ነው፣ ብረቱን እየወሰዳችሁ በላዩ ላይ ታስተኙታላችሁ።

የጭንቅላቱ ስፋት 17 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የሰውየው ፊት ክብና ሙሉ ነውና። ዓይን የሚቀመጠው በጭንቅላቱ ቁመት እኩሌታ፣ ማለትም 12 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ ዓይንን ወደ ላይ ያወጣል፣ ግንባሩም ይጠፋል። የፊት ስፋት አምስት ዓይን ያህል ስለሆነ አንዱ ዓይን 3.4 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለቱ መካከል ያለውም እንዲሁ። ጆሮ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ግርጌ ነው። ይህ ሁሉ የሚለካው በጭንቅላቱ ዘንግ ላይ እንጂ ከመሬት አይደለም፤ ምክንያቱም ጭንቅላቱን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ኋላ፣ ትንሽም ወደ ቀኝ ትከሻው ታዘነብሉታላችሁ። ካዘነበለ በኋላ በስኳድራ ከመሬት የለካ ሰው አገጩን አርዝሞ ያገኘዋል።

አጽሙ

ከመቀመጫው ላሜራ መካከል 55 ሳንቲ ሜትር ቱቦ አቁሙ፣ ዙሪያውን በይዱ፣ በአራት ጎን የሦስት ማዕዘን ድጋፍ ስጡት። የቀረውን ቱቦ 46 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ለትከሻ አግድሙት። ግራ ትከሻ ከቀኙ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ የጊታሩን አንገት ወደ ላይ የያዘ እጅ ትከሻን ያነሣል። ክንዶቹ ባለ 12 ፌሮ ናቸው። አንገቱም ባለ 12 ፌሮ ሁለት ቁራጭ ሆኖ፣ ያዘነብላል ያልነውን ያህል አሁኑኑ ይታጠፍ። ፊቱ ከተሠራ በኋላ ጭንቅላትን ለማዘንበል መሞከር ብየዳውን ሁሉ መፍታት ነው።

ለጭንቅላቱ መጀመሪያ የጎን መስመሩን ሥሩ። ባለ 6 ቶንዲኖውን በሞርሳ እየያዛችሁ በጎን ፎቶው ላይ ከፀጉሩ መነሻ በግንባር፣ በአፍንጫ፣ በከንፈር፣ በአገጭ እስከ ጉሮሮ ድረስ እጠፉት። ይህ አንድ ሽቦ ብቻውን ተይዞ ከጎን ሲታይ ሰውየውን መምሰል አለበት፤ ካልመሰለ ወደ ፊት መሄድ ዋጋ የለውም። ከዚያ አራት አግዳሚ ቀለበቶች፦ በቅንድብ፣ በጉንጭ አጥንት፣ በአፍ፣ በመንጋጋ። የዓይን ጉድጓዱ ከቅንድቡ ቀለበት ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ እንዲገባ ከአሁኑ ቦታ ተዉለት። የብዙዎቹ የብረት ፊቶች ችግር ይኸው ነው፣ ዓይናቸው ግንባር ላይ የተለጠፈ ነው።

ፊቱ

ከትልቁ ወደ ትንሹ ሂዱ፦ ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጮች፣ መንጋጋ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ዓይንና አፍ። ጉንጮቹ 9 በ11 ሳንቲ ሜትር የሆኑ የበርሜል ቁራጮች ናቸው። ከደቻቱ ወንዝ ዳር የሚወሰድ ደረቅ አሸዋ የጂንስ ሱሪ እግር ውስጥ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ ስፉት፤ ላሜራውን በላዩ አስቀምጣችሁ ክብ አናት ባለው መዶሻ ከዳር ወደ መሀል እየዞራችሁ ቀጥቅጡ። ጉብታው 1.5 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይበቃል። ላሜራው ደርቆ መዶሻውን መልሶ ማንጠር ከጀመረ አትጋፉት፣ ይቀደዳል። እስኪቀላ አሙቁትና በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ይለሰልሳል።

ቁራጮቹን ስትይዙ በነጥብ ብቻ ያዙ፣ በየ3 ሳንቲ ሜትሩ፣ አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ። አንድ ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ ረጅም መስመር መበየድ ፊቱን ያጣምመዋል፤ ጉንጩ በአንድ ወገን ይሰረጉዳል። ከበስተኋላ የመዳብ ቁራጭ ብትደግፉ ቀዳዳ አይከፈትም። በቁራጮቹ መካከል የሚቀረውን የ3 እና የ4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሁሉ ለመድፈን አትድከሙ። ክፍተቱ ጥላ ይይዛል፣ ከሩቅ ሲታይ በእርሳስ የተሠመረ መስመር ይመስላል። ከአገጭ በታች ያለው ቀዳዳ ግን ክፍት ይቅር፣ ውሃ እንዳይቋጥር።

ለዓይን ቆብ የሻይ ማንኪያዎቹን እጀታ ቆርጣችሁ፣ ጉብታቸው ወደ ውጭ ሆኖ አግድም አስተኟቸው። 3.4 ሳንቲ ሜትር እስኪሆኑ ከጫፋቸው ሞርዱ። የተጨፈነ ዓይን መስመሩ መሀል ላይ አይደለም፣ ከታች ነው፤ የላይኛው ቆብ ነው የሚወርደው። ስለዚህ በማንኪያው ግርጌ ባለ 4 ሽቦ ትንሽ ወደ ታች ደጋን አድርጋችሁ ያዙ። ሽቦው ቀጥ ካለ የሞተ ሰው ይመስላል፣ ወደ ላይ ደጋን ካለ ይስቃል። ሰውየው ኖታ ሲስብ ዓይኑን የሚጨፍነው ሲተኛ እንደሚጨፍን ሰው ሳይሆን ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ነው። ይህ የሚመጣው ከዓይኑ ሳይሆን በዙሪያው ካለው ነው፦ ቅንድቦቹ በመካከል ከፍ ይበሉ፣ ከአፍንጫው አናት በላይ ሁለት አጫጭር ቋሚ ሽቦዎች፣ በዓይኑ ውጫዊ ጥግ ሦስት ቀጫጭን ጨረሮች። ማንኪያው የማይዝግ ስለሆነ በ309 ኤሌክትሮድ ቢበየድ ጥሩ ነው፤ ከታጣ በ6013 አራት ነጥብ ይይዛል፣ ክብደት ስለማይሸከም ይበቃዋል።

የአፍንጫው አጥንት የታጠፈ ላሜራ፣ ክንፎቹ የሁለቱ ክብ ራስ ቡሎኖች ራስ። ከንፈሩን ከባለ 12 ፌሮ ቀጥቅጡ፦ መሀሉ ሰፊ፣ ጫፎቹ ሹል። የፌሮው ጥርስ መጀመሪያ ይሞረድ። አፉ በትንሹ ይከፈት፣ የታችኛው ከንፈር ወደ ፊት ይውጣ።

አሁን አቁሙ። ምንም ነገር ጠንከር አድርጋችሁ ሳትበይዱ ምስሉን ወደ ደጅ አውጡት፣ አሥር ሜትር ራቁና በስልክ ፎቶ አንሡ። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት፣ እንደ መስታወት ገልብጡት፣ አውራ ጣት እስኪያክል አሳንሱት። ዓይን የለመደው ስህተት ሲገለበጥ ወዲያው ይታያል። ምንም ያልተነገረውን ሰው "ይህ ሰው ምን እያደረገ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ "እየዘፈነ" ወይም "እያመመው" የሚል መልስ ከመጣ ጥሩ ነው፣ "ተኝቶ" ከተባለ ወደ ቅንድቡ ተመለሱ። ከዚህ በኋላ ብቻ በአንድ በአንድ ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ብየዳ አጠንክሩ።

ፀጉሩን በዳዶ ስትሞሉ ከኋላ ጀምሩ፣ ወደ ግንባር ስትመጡ አሳሱት፤ የፀጉሩ መነሻ ወደ ኋላ የሸሸ ነው። ጆሮው ባለ 8 ሽቦ ከውስጡ ትንሽ ላሜራ ነው፣ ብዙ አትጨነቁበት።

የብየዳ ፍንጣሪን በተመለከተ፣ ከጉንጩና ከከንፈሩ በመሮ አንሡት። ግንባሩ ላይ ያለውን ግን ተዉት። ቢ.ቢ. ኪንግ መድረክ ላይ ላቡ ዥው የሚል ሰው ነበር፣ ፍንጣሪውም በስተመጨረሻ ሲወለወል ቁርጥ ላብ ነው የሚመስለው። ካነሰ በ2.5 ኤሌክትሮድ አምፔሩን ጨምራችሁ ከሩቅ ጨምሩበት።

ግራ እጅ

ሥራው ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ነው። ብዙ ጊታረኛ ድምፁን የሚያርገበግበው የጊታሩን አንገት በአውራ ጣትና በጣቶቹ ጨብጦ ነው። እሱ ግን አመልካች ጣቱን ብቻ ክሩ ላይ ተክሎ፣ አውራ ጣቱን ከአንገቱ አላቆ፣ ሌሎቹን ጣቶች ዘርግቶ እጁን እንደ ቢራቢሮ ያወዛውዛል። ስለዚህ እጁን ሠርታችሁ ጊታሩን እንደ መጥረጊያ እንጨት ካስጨበጣችሁት የሰውየውን ፊርማ አጠፋችሁት ማለት ነው።

እያንዳንዱ ጣት ሦስት የቡሎን ቁራጭ ነው። ለአመልካች ጣት ከመዳፍ ጀምሮ 5፣ 3 እና 2.5 ሳንቲ ሜትር፤ የመሀል ጣት ትንሽ ይረዝማል፣ ትንሿ አንድ ሩብ ያህል ታጥራለች። በየመገጣጠሚያው አንድ ዳዶ አስገብታችሁ በሚፈለገው ማዕዘን በይዱ፤ ዳዶው የጣት አንጓ ይሆናል። የቡሎኑን ጥርስ በጣቱ ሆድ በኩል ሞርዱ፣ በጀርባው በኩል ይቅር፤ የቆዳ ሽብሽብ ይመስላል። መዳፉ 9 በ10 የሆነ የአካፋ ቁራጭ ነው። አመልካች ጣቱ ክሩን በጫፉ ይንካ፣ የመሀሉና የቀለበቱ ጣት ከክሩ 2 እና 3 ሳንቲ ሜትር ተነሥተው ይዘርጉ፣ አውራ ጣቱ ከአንገቱ ጀርባ 2 ሳንቲ ሜትር አየር ይኑረው። እንዲህ ሲሆን እጁ በአንድ ጣት ነጥብ ብቻ ተይዞ ይቀራልና ክብደቱን የሚሸከመው የክንዱ ፌሮ መሆን አለበት፣ ጊታሩ አይደለም።

ሉሲል

የሉሲል መነሻ ጊብሰን ኢ.ኤስ. 355 ነው። ሌሎቹ የዚህ ዓይነት ጊታሮች ፊታቸው ላይ ሁለት የተጠማዘዙ ቀዳዳዎች አሏቸው። እሱ ድምፁ እንዳይጮህበት ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ይወትፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በስሙ የወጣው ሞዴል ጭራሹን ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ቀዳዳ አትቁረጡ፣ ሥራም ይቀንስላችኋል።

የአካሉ ስፋት 40.6 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 4.4 ነው። ፊቱንና ጀርባውን ከ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቁረጡ፣ ከአንገቱ ግራና ቀኝ የሚወጡትን ሁለቱን ቀንዶች እኩል አድርጉ፣ ዙሪያውን 4.4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጥብጣብ ዝጉ። ሙሉ በሙሉ ከመዘጋቱ በፊት ከታች ሁለት ባለ 8 ቀዳዳ ብሱ፤ ሲበየድ የሞቀው አየር ይወጣበታል፣ በኋላም ውሃ ይፈስበታል። አንገቱ ጠፍጣፋው ብረት ነው፣ ከራስጌው 4.3 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ይሞረድ።

ጣት የሚያርፍባቸውን የአንገቱን አግድም መስመሮች እኩል በእኩል የሚያስቀምጥ ሰው አለ፤ ጊታር የሚያውቅ ሁሉ ያን አይቶ ይስቃል። ከራስጌው እስከ ክር መያዣው 62.9 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን ለ17.817 ብታካፍሉ የመጀመሪያው መስመር 35.3 ሚሊ ሜትር ላይ ይወድቃል፤ የቀረውን እንደገና ለ17.817 እያካፈላችሁ ትቀጥላላችሁ። ለማረጋገጫ ከራስጌው ሲለካ 5ኛው 157.8፣ 7ኛው 209.2፣ 12ኛው በትክክል እኩሌታው 314.5፣ 17ኛው 393.4፣ የመጨረሻው 22ኛው 452.5 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ባለ 2 ሽቦ በሁለት ጫፉ በነጥብ ይያዝ።

ለክር የሞተር ፍሬን ገመድ ፈትታችሁ ነጠላ ሽቦዎቹን ተጠቀሙ፤ ለወፍራሞቹ ሦስት ክሮች ሁለት ሁለት ሽቦ ግመዱ። ክር አይበየድም፣ ይቃጠላል፤ ከታች በተበሳ አንጎላሬ አስገብታችሁ ቋጥሩ፣ ከላይ በባለ 6 ቡሎን ላይ ጠቅልላችሁ በክንፍ ዳዶው አጥብቁ። የድምፅ መሳቢያዎቹ ሁለት የ7 በ3.8 ሳንቲ ሜትር ላሜራዎች ናቸው። ማዞሪያዎቹ አራት ራንዴላ የለበሱ ቡሎኖችና አንድ ሹል ምላስ ያለው አምስተኛ ናቸው።

ቀለም

ጊታሩ ከምስሉ ተለይቶ ይቀባ። አንቲረስት፣ ከዚያ ሁለት እጅ የሚያብረቀርቅ ጥቁር የመኪና ቀለም፣ በላዩ ክሊር (ቀለም የለሽ ቫርኒሽ)። ማዞሪያዎቹና ክር ማጥበቂያዎቹ ወርቃማ ይሁኑ።

ፊቱን ዝገት አድርጎ መተው የዘመኑ ፋሽን ነው፣ እዚህ ላይ ግን አይመከርም። ዝገት ቀይ ነው፣ ፊቱን የቀይ ሸክላ ያስመስለዋል። የሚሻለው በተልባ ዘይት ማጥቆር ነው። በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ጥረጉ፣ ቅባቱን በአሴቶን አንሡ፤ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ፈጽሞ አትጠቀሙ፣ ኋላ ብየዳ ሲነካው መርዘኛ ጋዝ ይሆናል። ከዚያ በጋዝ ችቦ የዘይት ጠብታ እስኪጨስ ድረስ አሙቁና በጨርቅ እጅግ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሦስት ወይም አራት ዙር ጠይም ጥቁር ያወጣል። ወፈር ተደርጎ የተቀባ ዘይት አይደርቅም፤ ድሬ ላይ አቧራ ይጣበቅበትና በሳምንቱ ግራጫ ይሆናል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉት፣ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ራሱ ይሞቃልና ያለ ክብሪት ይነዳል። ውሃ ውስጥ ንከሩት ወይም ደጅ ዘርጉት።

በስተመጨረሻ የግንባሩን ፍንጣሪ፣ የአፍንጫውን ጫፍና የጉንጩን አናት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ አድርጉ፤ ብርሃን የሚይዘው እዚያ ነው። በላዩ ድምቀት የሌለው ክሊር ይረጭ፣ ሐረር ለሚቆም ሁለት እጅ። ሐረር ከፍ ያለና ዝናቡም ብዙ ስለሆነ ድሬ ላይ ዓመታት የሚቆይ ዘይት እዚያ አንድ ክረምት ብቻ ነው የሚይዘው። ለትከሻው ያረጀ የፔጆ ቀለም ካለ አታንሡት፤ የመድረክ ጃኬት ይመስላል።

ማጓጓዝና ማቆም

ከድሬ ወደ ሐረር የሚወጣ ከሆነ ጊታሩ ተፈትቶ ለብቻው ይጫን። በደንገጎ ጥምዝምዝ ላይ የሚሰበረው ሁልጊዜ ያ የተላቀቀው አውራ ጣት ነው፤ በአንገቱና በጣቱ መካከል እንጨት አስገብታችሁ በላስቲክ እሰሩት። ምስሉ ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ ይጓዝ፣ መቀመጫው ከመኪናው ወለል ጋር ይታሰር።

የኮንክሪት መቆሚያው 1.2 ሜትር ከፍታ፣ ወርዱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ይሁን። የጊታሩ አንገት ወደ አንድ ወገን ስለሚወጣ ክብደቱ ያጋድላል፣ ልጆችም ይንጠለጠሉበታል። አራት ባለ 12 ቡሎኖች ኮንክሪቱ ውስጥ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይግቡ፣ ዳዶዎቹ እንዳይፈቱ በነጥብ ይበየዱ። እጅ የሚደርስበት ጠርዝ ሁሉ ይሞረድ፤ እጃችሁን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ዳብሱት፣ ጨርቁን የያዘ ጠርዝ የልጅ ጣትም ይይዛል። ጽሑፉ ስሙን፣ ዘመኑንና ብሉዝ የሚለውን ብቻ ይያዝ፤ ድሬ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ፣ ሐረር ላይ ሐረሪ ተጨምሮ።

በየዓመቱ ከክረምት በፊት የአገጩንና የጊታሩን ቀዳዳዎች በሽቦ ጥረጉ፤ አቧራና የተርብ ጎጆ ይደፍናቸዋል። የዝገት እንባ የወረደበት ቦታ ካለ ከላዩ ውሃ የሚቋጥር ስንጥቅ አለ ማለት ነው። ላዩን ብቻ አትቀቡት፤ ስንጥቁን ፈልጋችሁ በይዱ ወይም ብሳችሁ አፍስሱት፣ ከዚያ ዘይቱን መልሱ። ክሮቹንም በዚያው ጊዜ አንድ ዙር አጥብቁ።